ሳሪ የለበሰችው ስቴፕኒ

ኡላጋናታን የሁለት መነጽር ሰው ነበር። አንደኛው አፍንጫው ላይ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው፣ ምናልባት አንደኛው አንድ ነገር የሆነ እንደሆነ ተብሎ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ጃንጥላውም ሁለት ነው፤ የእጅ ባትሪውም ሁለት ነው፤ የቤቱ ቁልፍም ሁለት ነው። ሁለተኛውን ቁልፍ ግን ሌባ እንዳያገኘው ብሎ ከደበቀበት ቦታ እሱ ራሱም አግኝቶት አያውቅም። በቲሩኔልቬሊ ከተማ ለሠርግ የሚሆን ድስት፣ ትሪ፣ ወንበርና ዳስ ያከራያል። ጎረቤቶቹ እንዲህ ያደረገው ሥራው ነው ይላሉ፤ አምስት መቶ ሰው ተጠርቶ ሰባት መቶ ሲመጣ ዕድሜውን ሙሉ ያየ ሰው በአንድ ነገር ብቻ አይተማመንም። ሚስቱ ፔቺያማል ግን ሥራውን አትወቅስም።

«ከማኅፀን ጀምሮ ነው» ትላለች። «መንታ ሊወለዱ አስበው ቦታ አጥተው ነው።»

ስለዚህ የእህቱ ልጅ ናምቢራጃን ከአንድ የቼናይ ሐኪም ያገለገለ የጀርመን መኪና ገዝቶ ግቢ ውስጥ ያቆመ ዕለት፣ ኡላጋናታን ቀለሙንም፣ የቆዳ ወንበሩንም፣ እንደ ቴሌቪዥን የሚያበራውን ስክሪንም አላየም። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፤ የዕቃ መጫኛውን ከፈተ፤ ምንጣፉን ገለጠ፤ ከዚያ ምንጣፉን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ስቴፕኒው የታለ?» አለ።

በዚያ አገር ስኮርታ ጎማ ስቴፕኒ ነው። ሹፌርም፣ ጎሚስታም፣ መኪና የሌለውም ሰው እንዲሁ ነው የሚለው። ባለትዳር ሆኖ ሌላ ሴት ከጎን ያስቀመጠ ሰው ሲኖርም፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «እሱ እኮ ስቴፕኒ አለችው» ይባላል። ይሄኛው ትርጉም ግን ኡላጋናታን ራስ ውስጥ ቦታ አግኝቶ አያውቅም። ለእሱ ስቴፕኒ ጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ የሚቀለድበት ነገር አይደለም።

«ይሄ መኪና ስቴፕኒ የለውም፣ አጎቴ» አለ ናምቢራጃን። «አያስፈልገውም። ጎማው ቢተነፍስም ይሄዳል።»

«ተንፍሶ?»

«ተንፍሶ። ጎንና ጎኑ ወፍራም ነው፤ አየር ባይኖረውም መኪናውን ይሸከማል። ቀስ ብለው ከነዱት እስከ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይወስዳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጎሚስታ ጋ ነዋ።»

«ጎሚስታው ሰማንያ አንደኛው ላይ ቢሆንስ?»

ኡላጋናታንም ምንጣፉን፣ የሞተ ሰው ፊት እንደሚሸፈን፣ ቀስ አድርጎ መለሰው።

ነገሩ የመኪና ብቻ ቢሆን ኖሮ አጉረምርሞ ይተወው ነበር። እሑድ ግን በዚህ መኪና ቴንካሲ ድረስ ሄደው ለናምቢራጃን ሚስት የምትሆን ልጅ ሊያዩ ነው። ናምቢራጃን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩም ከግንባሩ ማፈግፈግ ጀምሯል። ከዚህ በፊት ሁለት ቤት ሄደው ነበር፤ አንዱ ኮከባቸው አልገጠመም ተብሎ ቀረ፤ ሌላው ደግሞ ምክንያቱ እንኳ ሳይነገር ቀረ። እናቱ ገና ተማሪ ሳለ ስለሞተችበት ያሳደገው ኡላጋናታን ነው። በዚያ ላይ የእናት ወንድም ነው፤ በአገሩ ወግ የስጦታውን ትሪ ይዞ የሚገባው፣ ቃል የሚሰጠውና ቃል የሚቀበለው እሱ ነው። ይሄኛውም ከተበላሸ ለሟች እህቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት አያውቅም።

የልጅቷ አባት ሲቫሱቡ ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነው። በስልክ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከራሁ በፊት ድረሱ።» ራሁ በየቀኑ የምትመላለስ ክፉ ሰዓት ናት። እሑድ እሑድ ወደ ማታ ገደማ ትገባለች፤ እሷ ከገባች በኋላ የተጀመረ ጉዳይ አይሠምርም። ይሄን ሲቫሱቡም ያውቃል፣ ኡላጋናታንም ያውቃል፣ ናምቢራጃንም ባያምንበትም ያውቃል።

እሑድ ጧት ኡላጋናታን ከሁሉም ቀድሞ ተነስቶ ወደ መጋዘኑ ገባ። አሮጌው አምባሳደር መኪናው ከትልልቅ ድስቶች መሃል ቆሟል። ስኮርታውን አውጥቶ እያንከባለለ ወደ ጀርመኑ መኪና ወሰደው። ጎማው አቧራም ቅባትም ጠጥቷል፤ ከላዩ ደግሞ የሙዝ፣ የኮኮናትና የአበባ ትሪዎች ሊቀመጡ ነው። ዙሪያውን ቢያይ ገመድ ላይ የፔቺያማል ሳሪ ተሰጥቷል፤ ወይን ጠጅ ነው፣ ጠርዙ ወርቅማ። አሮጌ መሰለው። ጎማውን በሳሪው ጠቅልሎ፣ ጫፉን ቋጥሮ፣ ከኋላ አስተኛውና ምንጣፍ ደረበበት። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

መኪና ለመልካም ጉዳይ ሲወጣ በየጎማው ሥር ሎሚ ተቀምጦ ይጨፈለቃል። አራት ጎማ፣ አራት ሎሚ። ኡላጋናታን ግን ሁልጊዜ የሚገዛው አምስት ነው፤ አምስተኛው የስቴፕኒው ነው። አራቱን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ትናንት ዳስ ባፈረሱበት ቦታ ላይ፣ ጎንበስ እያለ ከየጎማው ሥር ሸጎጠ። አምስተኛውን ሰው ሳያየው ከኋላ ሳሪው እጥፋት ውስጥ ወሸቀው። ከሰዓት በኋላ ትሪዎቹ ተጫኑ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሎሚዎቹ ጭርቅ ጭርቅ አሉ።

ገና ከበር ሳይወጡ አብሯቸው ሊሄድ የነበረው የጋብቻ ደላላ ደወለ። ሆዴን አሞኛል፣ እናንተ ሂዱ አለ።

«ሦስት ቀረን» አለች ፔቺያማል ከኋላ ወንበር።

ሦስት ሆኖ ለመልካም ነገር አይወጣም። ሁለት ጥሩ ነው፣ አራት ጥሩ ነው፣ አምስትም ጥሩ ነው፤ ሦስት ግን ገና ከደጃፍ ነገር ይፈልጋል። ጎረቤት ቢጠሩ ሁሉም ሠርግ ሄዷል፤ ያውም ድስቱን ኡላጋናታን ራሱ ወዳከራየበት ሠርግ።

«እንግዲህ ምን ይደረግ፤ እንሂድ» አለ ኡላጋናታን።

«ይሂዱ ካሉ እንሂድ። እኔ ግን ነግሬያለሁ። በኋላ ፔቺ ለምን አልነገርሽኝም እንዳይሉ።»

«ነግረሽኛል።»

«አንድ ጊዜም ልድገምልዎት፣ ለመጠባበቂያ።»

አላንጉላምን አለፉ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ነፋስ የሚያዞራቸው የመብራት ማማዎች ክንዳቸውን እያወናጨፉ ነበር። ያኔ መኪናው ቲን አለ፤ ከመሪው ጀርባ ቢጫ መብራት በራ። ናምቢራጃን ዳር ይዞ ቆመ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ፣ ዞሮ አየና ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

«የኋላ ግራው ተንፍሷል።»

ኡላጋናታን አንገቱን አስግጎ አየ። ጎማው ትንሽ ከሥሩ ሰፋ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም።

«ቆሞ የለም እንዴ!»

«እንደዚያ ሆኖ ነው የተሠራው። ሌሎቹንም ልያቸው» አለና ናምቢራጃን ወደ ኋላ ሄደ።

ተንፍሶ ትንፍሽ የማይል ጎማ! ኡላጋናታን ጎማውን እንደ ሰው ታዘበው። የእሱ አምባሳደር ጎማ ሲተነፍስ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ መኪናው ያነክሳል፣ ሰው ይወርዳል፣ ክሪክ ይወጣል፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይመክራል። ይሄ ግን ሕመሙን ደብቆ ሥራ እንደሚገባ ሠራተኛ ነው። ቢሆንም ውስጥ ውስጡን ደስ ደስ ብሎታል። ዕድሜ ልኩን የተሰናዳለት ቀን መጥቷል። ከኋላ በሳሪ ተጠቅልሎ የተኛው ነገር እንዳለ ለመናገር ምላሱ እየበላው ነበር፤ ግን በመጀመሪያ ልጁ ማመን አለበት፣ ስቴፕኒ እንደሚያስፈልግ።

በዚህ መሃል መኪናው እንደገና ጮኸ፤ አሁንስ ዘፈን የመሰለ ጩኸት ነው። ኡላጋናታን ጎማው መሰለው። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ ክብ በርቷል። አረንጓዴ መቼም ሰላም ነው ብሎ እሱን ተጫነ። ጩኸቱ ቆመ።

«ናምቢ! ና ወዲህ!» አለ በመስኮቱ። «እስቲ ንገረኝ፤ በአንተ ዕድሜ፣ ያለ ስቴፕኒ የሚኖር ሰው አይተህ ታውቃለህ? አባትህ ነበረችው። እኔ ካገባሁ ጀምሮ ያለ ስቴፕኒ አንድ ቀን ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ሚስቴ ምስክር ናት!»

«ምስክር ነኝ» አለች ፔቺያማል። «እንዲያውም ሲረሷት የማስታውሳቸው እኔ ነኝ።»

«ሰማህ? ሚስት እንኳ የምታውቀው ነገር ነው። አይዞህ፣ እኔ እያለሁ አትቸገርም። ለአንተ ብዬ የራሴን ይዤልህ መጥቻለሁ። ትንሽ አርጅታለች እንጂ ጠንካራ ናት፤ ስንት አገር ያየች ናት። ከኋላ ሸፍኜ አስተኝቻታለሁ።»

ናምቢራጃን መስኮቱ ጋ ደርሶ ስክሪኑን አየና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ከመኪናው ጣሪያ አንድ ሰው አሳለ።

«ሲቫሱቡ ነኝ» አለ ድምፁ፤ ባቡር መዘግየቱን ለሕዝብ መንገር የለመደ ድምፅ ነው። «የት ደረሳችሁ ብዬ ነበር የደወልኩት። የት እንደደረሳችሁ ገብቶኛል።»

ስልኩ ተዘጋ።

ናምቢራጃን ገብቶ ተቀመጠና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

«ስለ ጎማ ነው እኮ ያወራሁት!» አለ ኡላጋናታን።

«እሳቸው የሰሙት ግን ስለ ጎማ አይደለም፣ አጎቴ።»

ያ ሌላው ትርጉም፣ ያ ዕድሜውን ሙሉ ከደጅ የመለሰው፣ ያኔ ገባ። ሲገባ ደግሞ ብቻውን አልገባም፤ የተናገረውን ቃል አንድ በአንድ አስከትሎ ገባ። አሮጌ ናት። ጠንካራ ናት። ሸፍኜ አስተኝቻታለሁ።

«እኔም ምስክር ነኝ ብያለሁ» አለች ፔቺያማል ቀስ ብላ። «ሚስት የመሰከረችላት ስቴፕኒ! ቴንካሲ ዛሬ ሌላ ወሬ አያስፈልጋትም።»

ናምቢራጃን መልሶ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። አሁን ጭራሽ ተዘጋ።

«እንመለስ?» አለ።

«ከተመለስን እውነት ሆነ ማለት ነው» አለ ኡላጋናታን። «እንሄዳለን። ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ጎማውን እንቀይር፤ የአምባሳደሩን ስቴፕኒ ይዣለሁ አልኩህ እኮ።»

«የአምባሳደር ጎማ ለዚህ?» ናምቢራጃን ቀና አለ። «ልኩም አይደለም፣ የብሎኑ ቀዳዳም አይገጥምም።»

«ጎማ ጎማ ነው!»

«አይደለም፣ አጎቴ። ደግሞ ራሁ ልትገባ ነው። በያዝነው እንሂድ።»

ሄዱ። ኡላጋናታን በሕይወቱ ያንን የመሰለ መንገድ ሄዶ አያውቅም። ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ቸርኬው አስፋልት የሚፍቅበትን ድምፅ ጠበቀ። ድምፁ አልመጣም። ጥቂት እንደሄዱ ሰውነቱን ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ ግራው እንዲቀለው።

«አንቺም ወደ ቀኝ ተጠጊ» አላት ሚስቱን።

«ያስተነፈስኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አለች፤ ግን ተጠጋች። እንዲህ ሁለቱም ዘንበል እንዳሉ፣ የሚያያቸው ሰው መኪናው ውስጥ ነፋስ የሚነፍስ መስሎት፣ ጎማው አንድም ነገር ሳይል ቴንካሲ አደረሳቸው። ኡላጋናታን አመነ አይባልም። ታዘበ እንጂ።

ሲቫሱቡ ደጁ ላይ ቆሟል። ነጭ በነጭ ለብሷል፤ እጆቹን ከኋላው አጣምሯል፤ ሰዓቱን አሳልፎ የሚመጣ ባቡር የሚጠብቅ ይመስላል። ግቡ አላለም። በግራ በኩል ባለው አጥር ላይ ሁለት የጎረቤት ጭንቅላቶች ነበሩ፤ በቀኝ በኩል አንድ። ከበረንዳው ምሰሶ ኋላ ደግሞ አንዲት ረዘም ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ቆማለች። በፎቶግራፍ ያዩዋት ካንቲማቲ ናት፤ የመብራት ኃይል ቢሮ ውስጥ የምትሠራ።

ኡላጋናታን እጆቹን ደረቱ ላይ ገጥሞ እጅ ነሳ። «ጌታው፣ በስልክ የሰሙት ነገር...»

«ሰምቻለሁ» አለ ሲቫሱቡ። «ወደ ቤቴ ከመግባታችሁ በፊት፣ ከኋላ ሸፍነው ያስተኟትን ልያት።»

«ጎማ ናት።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እውነቴን ነው፤ ትሪዎቹ ሥር ናት።»

«ይክፈቱት።»

ናምቢራጃን ከፈተው። የሙዙ ትሪ ወጣ፤ የኮኮናቱ ወጣ፤ የአበባውም ወጣ። ኡላጋናታን ምንጣፉን ገፈፈ።

ወይን ጠጅ ሳሪ ታየ፤ ጠርዙ ወርቅማ፣ ቋጠሮው ከላይ፣ ሥሩ ደልደል ያለ። ከእጥፋቱ አንዲት ሎሚ ተንከባላ ወጣች። አንዲት ወፍራም ሴት አንገቷን ቀብራ ያቀረቀረች ነበር የሚመስለው። ሲቫሱቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከአጥሩ ላይ አንደኛው ጭንቅላት «ኤዲያ!» አለ።

«ሳሪዬ!» አለች ፔቺያማል።

ይሄ አልጠቀመም።

«ሳሪው የእርስዎ ነው?» አለ ሲቫሱቡ።

«የእኔ ነው። ለዲፓቫሊ በዓል የገዙልኝ። አንድ ጊዜ ነው የለበስኩት!»

«እሷስ?»

«እሷ የእሳቸው ናት» አለች ፔቺያማል በንዴት፤ ወዲያው ግን ምን እንዳለች ገባት።

ኡላጋናታን ቋጠሮውን ሊፈታ ታገለ። የሆነ ሆኖ ተፈታና ጥቁሩ፣ ጎኑ ላይ ያረጀ ልጣፍ ያለው የአምባሳደር ጎማ ብቅ አለ። ሲቫሱቡ ጎንበስ ብሎ ነካው። አሸተተው። ጎማ ነው።

«እሺ ጎማ ነው» አለ፤ ግን ፊቱ አልተፈታም። «ጎማ ለምን ሳሪ ይለብሳል?»

ኡላጋናታን መልስ ነበረው። ትሪው እንዳይቆሽሽ ነው። ቀላል መልስ ነው፤ እውነትም ነው። ግን በዚያ ሰዓት፣ ሦስት ጭንቅላት ከአጥር ላይ ሆኖ እያየው፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ። ሁለተኛ የሌለው ምላሱ ብቻ ነበር። የናምቢራጃንን ፊት አየ። ልጁ እንደ ሁለተኛው ቤት፣ ምክንያቱ እንዳልተነገረበት ቀን፣ ጫማውን ያያል።

ያን ጊዜ ፔቺያማል የሳሪዋን ጫፍ ከጎማው ላይ አንስታ አቧራውን አራገፈችና ቀና አለች።

«ሦስት ነን፣ ጌታው» አለች። «ደላላው ሆዱን አሞት ቀረ። ለልጃችሁ ብለን በሦስት እንምጣ? ጎረቤት ሁሉ ሠርግ ሄዷል። አራተኛ ሰው ስናጣ እሷን አለበስናት። ራቁቷን እናምጣት እንዴ?»

ኡላጋናታን ሚስቱን አየ። ከተጋቡ ጀምሮ በቤቱ ያለ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ሲኖረው፣ እሷን የምትተካ ሁለተኛ እንደሌለች አሁን ገና ልብ አለ።

ሲቫሱቡ በዝግታ ጣቱን አነሳ፤ ኡላጋናታንን ቆጠረ፣ ፔቺያማልን ቆጠረ፣ ናምቢራጃንን ቆጠረ። ከዚያ ጣቱ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ጎማው ላይ አረፈ።

«አራት» አለ።

ከበረንዳው ላይ ሳቅ ፈነዳ። ካንቲማቲ ምሰሶውን ይዛ ትስቃለች፤ መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን ትጠርጋለች፤ እናቷ ከውስጥ «ዝም በይ አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ነው!» ትላለች፣ ግን የእሷም ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ሲቫሱቡ ሰዓቱን አየና ዘለለ።

«ራሁ ደረሰች! ግቡ፣ ግቡ! ምን ትጠብቃላችሁ? ቀኝ እግር አስቀድሙ!»

ኡላጋናታን ትሪውን አነሳ። ሊገባ ሲል ሲቫሱቡ እጁን ዘረጋ።

«እሷንስ ደጅ ልትተዉዋት ነው? እሷ ውጪ ከቀረች እንደገና ሦስት ናችሁ!»

ናምቢራጃን ሳሪዋን መልሶ አልብሶ ጎማዋን እያንከባለለ አስገባት። ምንጣፍ ላይ፣ ከፔቺያማል ጎን፣ ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጧት። የልጅቷ እናት በሊጥ የተጠበሰውን የሙዝ ባጂና ጣፋጩን ኬሳሪ ስታዞር፣ ልማድ ሆኖባት በእሷም ፊት አንድ ሳህን አኖረች። ማንም አላነሳውም። በኋላ ኡላጋናታን በላላት።

ልጆቹ እንዲነጋገሩ ወደ በረንዳው ተላኩ። ኡላጋናታን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ፤ አየሩ ጥሩ ስለሆነ። ሁለተኛውንም መነጽር አወጣ፤ ለመስማት ምን እንደሚጠቅመው ግን አልታወቀም።

«እና አንተ ስቴፕኒ የለህም» አለች ካንቲማቲ።

«የለኝም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የአጎቴ ናት። እኔ ተንፍሶ የሚሄድ ጎማ ነው ያለኝ።»

«መተንፈሱ በምን ይታወቃል?»

«መብራት ይበራል።»

«አንተስ? ሲከፋህ መብራት ይበራብሃል?»

ናምቢራጃን አሰበ። ኡላጋናታን ጆሮውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ልጁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ስለ ደመወዙ ያወራል፤ በሁለተኛው ቤት ያደረገው እሱን ነው።

«አይበራብኝም» አለ ናምቢራጃን። «ዝም ብዬ ነው የምሄደው። እስከ ሰማንያ ኪሎ ሜትር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... አጎቴም ይሄንኑ ጠይቆኝ ነበር።»

«አጎትህ ልክ ናቸው» አለች። «ቢጫ መብራት እናስገባልሃለን። እኔ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነኝ።»

ኡላጋናታን «እናስገባልሃለን» የምትለዋን ቃል ሰማ። ወደ ሚስቱ ዞረ። ፔቺያማልም ሰምታለች። ጎማዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ራሁ እስክታልፍ ቁጭ ብለው ጠበቁ፤ በእሷ ሰዓት ቃል አይሰጥምና። ሲቫሱቡ እስከዚያ ጎሚስታ አስጠራ። ጎሚስታው ቫሪድ ይባላል፣ የጎረቤቱ የኬረላ ክፍለ ሀገር ሰው ነው፤ በዚያ አገር ጎሚስታ ሆኖ የኬረላ ሰው ያልሆነ ካለ ገና አልታየም። ጎማውን ፈትቶ ጎኑን በጡጫ ደበደበው።

«ይሄማ ሞቶ የቆመ ነው» አለ። ከዚያ ጉጠቱን ሰዶ አንድ ሚስማር ነቀለ። ብርሃን ላይ አድርጎ አገላበጠው። «እስቲ እዩት። ሎሚ የበላ ሚስማር ነው።»

ከሚስማሩ ጭንቅላት ሥር የደረቀ የሎሚ ልጣጭ ተጣብቋል። ጭንቅላቱ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ኡላጋናታን የዳሱን ሚስማር ሁሉ አረንጓዴ የሚቀባው፣ ሠራተኞች እንዳይሰርቁት ብሎ ራሱ ነው። ትናንት ዳሱ የፈረሰበት ቦታ ታየው፤ ጎንበስ ብሎ በጥንቃቄ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ሎሚዋን ሲያስቀምጣት ታየው።

«የማን ሚስማር ይሆን?» አለ ሲቫሱቡ።

«መንገድ ላይ ስንት ነገር ይጥላሉ» አለ ኡላጋናታን፤ ሚስማሩን ከቫሪድ እጅ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ደህና ሚስማር ነው፤ ሊያገለግል ይችላል።

ቫሪድ ጎማውን ለጥፎ፣ ነፍቶ መለሰው፤ ራሁም አለፈች። ሲቫሱቡ ቤቴል የሚባል የሚታኘክ ቅጠልና ኮኮናት የተደረደረበትን ትሪ በሁለት እጁ ያዘ፤ ኡላጋናታንም የራሱን ያዘ፤ ተለዋወጡ፤ ቃሉም በዚህ ታሰረ።

«በሰዓታችሁ ደርሳችኋል» አለ ሲቫሱቡ። ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

«ጎማው ነው» አለ ኡላጋናታን። ቃሉ ከአፉ እንዴት እንደወጣ ራሱም ገረመው።

ሊሄዱ ሲሉ ናምቢራጃን ስቴፕኒዋን ከኋላ ሊያስገባ ከፈተ። ሲቫሱቡ ከደጁ ጮኸ።

«ትሪ ስለሆነች ነው እንዴ እዚያ የምትጭናት? አራተኛ ሰው ናት! ወንበር ላይ አስቀምጧት!»

ከፔቺያማል ጎን አስቀመጧት። መኪናው ተነሳ። ካንቲማቲ በረንዳው ላይ እጇን ታወዛውዛለች፤ የአጥሩ ጭንቅላቶችም አምስት ደርሰዋል። ገና ከመንደሩ ሳይወጡ መኪናው ቲን፣ ቲን፣ ቲን ይል ጀመር። ኡላጋናታን እጁን ከስክሪኑ አርቆ በብብቱ ሥር ከተተ።

«ደግሞ የቱ ነው?»

«ጎማ አይደለም» አለ ናምቢራጃን። «ቀበቶ ያላሰረ ሰው አለ ይላል። ከኋላ።»

«እኔ አስሬያለሁ» አለች ፔቺያማል። ከዚያ ወደ ጎኗ አየች። ቀበቶውን ሳበችና ሳሪ በለበሰችው ላይ አሳልፋ ቀጭ አደረገችው። መኪናው ዝም አለ።

ኡላጋናታን ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላዘነበለም።

«ሳሪዬ ተበላሸ» አለች ፔቺያማል ቆየት ብላ። «ቅባቱ አይለቅም።»

«ሁለት እገዛልሻለሁ።»

«አወቅኩ። ሁለተኛው ለመጠባበቂያ።»

ኡላጋናታን ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ሚስቱ አለች፤ ከጎኗ ያቺኛዋ በቀበቶ ታስራ፣ ጠርዟ በመንገዱ መብራት ብልጭ እያለ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«አይ» አለ። «ሁለተኛው ለእሷ ነዋ።»